የውሻ ደጅ የጠናው ወጌሻ

አንድ ወጌሻ ነበር፤ ማንደፍሮ የሚባል። የተሰበረውም፣ የወለቀውም፣ ወለም ያለውም፣ ከቆላ ከደጋ በቃሬዛና በበቅሎ እየተጫነ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍት ግቢው ሰው ሞልቶት ያገኘዋል። ክንዱን በነጠላ ያንጠለጠለ አለ፣ እግሩን ዘርግቶ የሚያቃስት አለ፣ በሽተኛ ላጅብ ብሎ መጥቶ በሽተኛውን ረስቶ ወሬ የሚጠርቅም አይጠፋም። ሁሉም የማንደፍሮን ደጅ ይጠናል። እሱም ይህን ነገር ይወደው ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።

እጁ የተባረከ መሆኑን የሚጠላውም አይክድም። ይሁንና እጁ ብቻውን አይሠራም ነበር፤ አንድ ዘዴ ነበረችው። በመጀመሪያ ጎረምሶች በሽተኛውን ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። ከዚያ ማንደፍሮ አጠገቡ ቁጭ ይልና ያንን ለስላሳ ድምፁን ያወጣል። ድምፁ እኮ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ዝም ያሰኛል። «አይዞህ፣ እያየሁት ነው እንጂ አልነካህም» ይለዋል። ስለ ከብቱ ይጠይቀዋል፣ ዝናቡ እነሱ አገር እንዴት እንደያዘ ይጠይቀዋል። ሰውዬው ልቡ ረግቶለት «በሬዬማ ዘንድሮ» ብሎ ወሬ ሲጀምር፣ ቋ ይላል። አጥንቱ ገባ ማለት ነው።

ሰውዬው ይጮሃል። የማንደፍሮን ዘር ማንዘር እየጠራ ይራገማል። ትንሽ ቆይቶ ክንዱን ከፍ ዝቅ አድርጎ ያይና ይስቃል። ማታ ቤቱ ገብቶ «ይህ ሰይጣን እንዴት አድርጎ ሸወደኝ መሰላችሁ» እያለ ለጎረቤት ያወራል፤ ሲሻለው ደግሞ ዶሮ ታቅፎ ለምስጋና ይመጣል። ማንም ቂም ይዞበት አያውቅም። ስለዚህ ማንደፍሮ ያቺን ውሸት እንደ ቅቤውና እንደ ቀርከሃ ስንጥሩ፣ ከመድኃኒቱ አንዱ አድርጎ ነበር የሚቆጥራት።

ታዲያ አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የድሮ ወዳጁ ጓንጉል መጣ። ጓንጉል የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ዘበኛ ነበር። መንገዱ አልቆ ካምፑ ሲነቀል፣ ከተማ የምትኖር ልጁ «በቃህ አባዬ፣ እኔ ጋ ና» አለችው። የልጁ ቤት ግን ግቢ የሌለው የኪራይ ክፍል ነው። እናም ጓንጉል አንዲት ውሻ በትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ መንደሩ እየሳቀበት፣ ማንደፍሮ በር ላይ ቆመ። የውሻዋ መልክ ቡላ ስለሆነ ስሟም ቡላ ነበር።

ቡላ ያደገችው ድንጋይ በድማሚት በሚፈነዳበት ቦታ ነው። ማን እንደጣላት አይታወቅም፤ ጓንጉል ነው አንስቶ ያሳደጋት። አንድ ቀን ድማሚቱ ሲፈነዳ ደንግጣ ስትሮጥ ከተቆረጠው ገደል ላይ ወደቀችና የኋላ እግሯ ተጎዳ። የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው ሸሸ። ከዚያ ወዲህ አንዱን እግሯን አንጠልጥላ እየዘለለች ነው የምትሄደው። የባሰው ግን ፍርሃቷ ነበር። በር ሲዘጋ ትንቀጠቀጣለች። የድስት ክዳን ሲወድቅ ትሸናለች። ሰው ዝንብ ሊያባርር እጁን ሲያነሳ እሷ መሬት ላይ ትለጠፋለች።

«አደራህን» አለ ጓንጉል። «እኔን እንኳ የቀረበችኝ ከስንት ልመና በኋላ ነው።»

ማንደፍሮ ጉልበቷን በዓይኑ ብቻ አይቶ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንደሆነ ነገረው። ጓንጉል ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ዓይኑን ጠራረገና ቡላን አንዴ ዳብሷት ሄደ።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። መንደሩ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ገደሉ ውስጥ ደግሞ ጅብ አለ። እዚያ አገር ውሻ የሚኖረው በእግሩ ነው። ሮጦ አጥር መግባት ያልቻለ ውሻ ክረምት አይከርምም። ማንደፍሮ አደራውን ሲቀበል ይህን ያውቅ ነበር፤ ጓንጉልም ወጌሻ ዘንድ ያመጣት ለዚሁ ነው።

የማንደፍሮ ሚስት ትርንጎ ውሻ ባየች ቁጥር ከሚያባብሉት ወገን አይደለችም። «ይህችን ደግሞ ምን ልናደርጋት ነው» ብላ አጉረመረመች። እያጉረመረመችም ከጎተራው ሥር ገብታ ጠረገች። ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ የቆመ ስለሆነ ከሥሩ ደረቅ ቦታ አለ። እዚያ ጭድ ጎዘጎዘች፣ አሮጌ አጎዛ አነጠፈች፣ የአጥንት መረቅ አቀዝቅዛ አስቀመጠችላት። በማግስቱም ማጉረምረሟን አልተወችም፤ መረቁ ውስጥ ግን ሥጋ ጣል አድርጋበት ነበር።

ማንደፍሮ ደግሞ በዚያ ድምፁ ቀረባት። ጠዋት ጠዋት ከጎተራው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «የኔ እመቤት፣ እንዴት አደርሽ» ይላታል። ቡላ መጀመሪያ ጆሮዋን ብቻ አቆመች። ቆይታ አፍንጫዋን አወጣች። በመጨረሻ አንድ ቀን እየተንቀጠቀጠች ወጥታ አፏን መዳፉ ላይ አሳረፈች። ማንደፍሮ ያን ዕለት ደስታው ለጉድ ነበር፤ ገበያ ለሄደ ለተመለሰው ሁሉ አወራ። እውነቱን ለመናገር፣ ወዷት ነበር።

ስለወደዳትም ቶሎ ሊያድናት ፈለገ። በማግስቱ ጎረምሶቹን ጠራ። እሱ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ እነሱ ማዳበሪያ ይዘው ከኋላዋ ተጠጉ። «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ እያየሁት ነው እንጂ አልነካሽም» አላት። ቡላ ጅራቷን ወዘወዘች። ወዲያው ማዳበሪያው ወረደባት፣ ጎረምሶቹ ተጫኗት፣ የማንደፍሮ አውራ ጣት ጉልበቷ ላይ አረፈና ቋ አለ።

ሎሚው ቦታው ገብቶ ነበር። ለዚህ ማንደፍሮ እስከ ዛሬ ይምላል። ነገር ግን ጨርቁን ጠምጥሞ ሳያስር በፊት ቡላ አንደኛውን ጎረምሳ ነክሳ፣ ማዳበሪያውን ቀድዳ አመለጠች። በዚያው በታመመው እግሯ እየረገጠች ስትሮጥ ሎሚው ተመልሶ ሸሸ። ጎተራው ሥር ገባች፤ ከመጨረሻው ጥግ፣ የሰው እጅ ከማይደርስበት ሄዳ ተጣብቃ ቀረች። ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተራግሞ ስቆ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው እያየ አትበላም። ትርንጎ ሳህኑን አስቀምጣ ስትርቅ ነው ወጥታ ልሳ የምትመለሰው። ማንደፍሮን በሚመለከት ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር መጣ። ሲቆጣ አትፈራውም። ጤፍ ላይ የወጣችን አህያ ግቢው እስኪናወጥ ሲጮህባት ቡላ ከጎተራው ሥር ሆና ቀና ብላ አየችው፤ በቃ። ቀርቦ በለስላሳ ድምፁ «የኔ እመቤት» ያላት ጊዜ ግን መላ አካላቷ ይንዘፈዘፋል፣ ባለችበት ትሸናለች። ማንደፍሮ ይህን አየ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሊገባው አልፈለገም።

ስለዚህ የሚያውቀውን ሞከረ። ጎድን ቀቅሎ በክር አስሮ ጎተተላት፤ አልወጣችም። ራት ከለከላት፤ ተርባ ተኛች እንጂ አልወጣችም። እግሯ እያደር ቀጠነ። ጭኗ ሟሸሸ። ማንደፍሮ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ያልረገጠ እግር ይሰልላል፣ አንዴ ከሰለለ በኋላ ደግሞ ወጌሻ አይመልሰውም። በዚያው ሰሞን ጀምበር ጥልቅ ስትል የጎረቤቱን ውሻ ጅብ ወሰደው። ያውም ጤነኛውን፣ ፈጣኑን።

ማንደፍሮ እየተጨነቀ ቤት ገባ። ነገ ጎረምሶቹን ሰብስቦ፣ ካስፈለገም የጎተራውን ሥር ቆፍሮ በግድ እንደሚያወጣት ለትርንጎ ነገራት። ትርንጎ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ስማኝ ማንደፍሮ። እጅህን መች ፈራች? የፈራችው አይዞሽ ስትላት ነው።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«አልነካሽም ካልካት አትንካታ። ሌላ ምን አለው?»

ማንደፍሮ ተቆጣ። አገር ያዳነ ሰው፣ አገር በደጁ የሚሰለፍለት ሰው፣ ምስር በምትለቅም ሚስት ሥራውን ሊማር ነው። ኩርፊያው እስከ ማግስቱ ዘለቀ። ሲነጋ ግን በርጩማውን ይዞ ወጣና ከጎተራው አፍ አጠገብ አስቀመጠው። ጀርባውን ለቡላ ሰጥቶ ተቀመጠ። «ቡላ፣ ዛሬ አልነካሽም» አላት፤ አልነካትምም። ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቆይቶ በርጩማውን አንስቶ ሄደ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም እንደዚያው።

ግቢው ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ይህን አይቶ ዝም ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። ሰው ሁሉ የእሱን ደጅ ይጠና የነበረው ማንደፍሮ፣ አሁን እሱ ራሱ የውሻ ደጅ ይጠና ጀመር። «ወጌሻ፣ እሜቴ መቼ ያስጠሩዎታል?» ይለዋል አንዱ። ሌላው «ገና እየለበሱ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ግቢው በሳቅ ያውካል። ማንደፍሮ ፊቱ ፍም ይመስላል፤ ግን አይነሳም። ጠዋት ጠዋት ያችኑ ቃል ተናግሮ፣ ያችኑ ቃል ጠብቆ ይሄዳል።

ቡላ ትንሽ ቀረበች። ከጥጉ ወደ መሀል መጣች፣ ከመሀል ወደ ጎተራው አፍ። ግን አንድ ቀን ትቀርባለች፣ በማግስቱ ተመልሳ ጥጉን ትይዛለች። ማንደፍሮ ምክንያቱ ጠፋው። እንዳይርቅባት ብሎ በሽተኞቹንም እዚያው ጎተራው አጠገብ ነበር የሚያያቸው። አንድ ቀን ጣቱ የወለቀ ገበሬ ፊቱ ተቀምጧል። ጎረምሶቹ ይዘውታል። ማንደፍሮ «አይዞህ፣ እያየሁት ነው እንጂ አልነካህም» ሲል፣ ከኋላው ጭድ ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ዞር አለ። ቡላ ጣቱ ሳይሳብ፣ ገበሬው ሳይጮህ፣ ገና ያቺን ቃል ስትሰማ ወደ ጥጓ እየሸሸች ነበር።

ያኔ ገባው። ለእሷ ጠዋት አንዴ እውነት ይናገራል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እዚያው እፊቷ ሲዋሽ ይውላል። ለሰው እየዋሸ ለውሻ እውነተኛ ልሁን ቢል አልሆነለትም። የገበሬውን ጣት እንደያዘ፣ ገበሬው «ምነው ወጌሻ፣ በደህና?» እስኪለው ድረስ ቆየ። ከዚያ በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረ። «ልስበው ነው። ያምሃል» አለው። ገበሬውም ይህን ሲሰማ ጎረምሶቹን ገፍትሮ ተነሳ፤ ጣቱን በሌላ እጁ ይዞ ወደ ሌላ ወጌሻ ሄደ።

እሱ ብቻ አይደለም፣ ሌሎችም ሄዱ። ሰው እውነት ሲነገረው የሚወድ ይመስላችኋል? የሚጎትተውን አጥንት እንደሚጎትተው የሚናገር ወጌሻ ማን ይፈልጋል። ማንደፍሮ እጁ ከዳው፣ በውሻ ፍቅር ልቡ ዞረ ተባለ። ግቢው ሳሳ። ማንደፍሮ ቀርከሃውን እየሰነጠቀ ብቻውን ሲቀመጥ ተስፋ የቆረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ትርንጎ ግን የምትቆጣው በሄዱት እንጂ በእሱ አልነበረም። ይሂዱ፣ ሲያማቸው ይመለሳሉ አለች፤ ለእሱም ለቡላም መረቅ አቀረበች።

አንድ ቀን የውብዳር የምትባል የጨው ነጋዴ ከበቅሎ ወድቃ ትከሻዋ ወልቆ መጣች። ምላሷ ገበያ የሚበትን ሴት ናት። ተቀመጠችና ፊት ለፊት አየችው።

«ያማል?»

«ያማል።»

«ብዙ?»

«ብዙ። ግን ቶሎ ያልፋል። ስትዘጋጂ አንቺው ንገሪኝ፤ ሳትነግሪኝ አልስብም።»

የውብዳር ጎረምሶቹን በዓይኗ ገረመመች። ከዚያ «እነዚህ ጎረምሶች ለምን ቆመውብኛል፣ ዘወር ይበሉልኝ» አለች። ማንም ሳይይዛት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፣ ቀስ አድርጋ ለቀቀች፣ «ይበሉ» አለች። ማንደፍሮ ሳበ። ትከሻው ገባ። እንደዚያ በቀላሉ የገባ ትከሻ አጋጥሞት አያውቅም። በጎረምሳ ተይዞ፣ ተሸውዶ፣ ደንግጦ የሚደርቅ ገላ ነበር እስከ ዛሬ ሲታገለው የኖረው። የፈቀደ ገላ ግን አይታገልም። የውብዳር እንባዋን ጠርጋ «አሁን እውነተኛ ሰው አገኘሁ» አለችና ተነሳች። ማንደፍሮ ወደ ጎተራው ሲዞር፣ ቡላ ጥጓ ውስጥ አልነበረችም። ጎተራው አፍ ላይ ተኝታ ትመለከተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በዝግታ ሄደ። የውብዳር ወሬውን በየገበያው ስትነዛው በሽተኞች ተመለሱ፤ ማንደፍሮም ለሁሉም እውነቱን ይነግራቸዋል። ቡላ ከጎተራው ወጥታ ጀርባው ሥር መተኛት ለመደች። እሱም አዲስ ቃል ጨመረ። «እነካሻለሁ» ይላታል፤ ይህን ካለ በኋላ ብቻ ጣቱን ጀርባዋ ላይ ያሳርፋል። ከተነሳች ይተዋታል። ካልተነሳች ይዳብሳታል። ይህን ሳይናገር አንድም ቀን አልነካትም፣ ሲያልፍ ሲያገድም እንኳ። ቀስ በቀስ ጉልበቷን ማሸት ፈቀደችለት። ጨው በምጣድ አሙቆ፣ በጨርቅ ቋጥሮ፣ መጀመሪያ የራሱ ክንድ ላይ ሞክሮ ያስቀምጥላታል። ለጋ ቅቤ ቀብቶ ጭኗን ያሻል። እሷ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ትርንጎ ከበር ላይ ሆና «እኔን እንደዚያ አሽተኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች፤ እሱ እየሳቀ «አንቺ መች ታመሽ» ይላታል።

ይሁን እንጂ ማሸት ብቻውን ሎሚውን ወደ ቦታው አይመልሰውም። ጭኗ እየሞቀ እየተፍታታ መጥቷል፤ አሁን ካልገባ ግን ጅማቱ ባለበት ይጠናል። ክረምቱም እየወጣ ነው፤ የጅቦቹ ድምፅ ከአጥሩ ሥር መሰማት ጀምሯል። ማንደፍሮ ቀኑ እንደደረሰ አውቋል። ያውቃል፣ ግን ይፈራል። እሱ ሲፈራ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ጥርት ያለ ጠዋት፣ ቡላ እንደ ልማዷ አጠገቡ ተኝታለች። ጉልበቷ በጨው ሞቆ፣ በቅቤ ለስልሶ መዳፉ ሥር ነው። ሎሚው የት እንዳለ ጣቱ ያውቃል። አንዴ ብቻ መግፋት ነው የሚበቃው። እሷ ምንም አልጠረጠረችም። ትርንጎ ጨርቁን ይዛ ከኋላ ቆማለች።

ማንደፍሮ እጁን ከጉልበቷ አነሳ።

«ቡላ፣ ዛሬ ያምሻል» አላት።

ይህን ቃል ታውቀዋለች። ለስንት ሰው ሲናገረው፣ ስንት ሰው ከዚያ በኋላ ሲጮህ ሰምታለች። ተነሳች። እያነከሰች ወደ ጎተራዋ ሄደች። ትርንጎ አላስቻላትምና «ያዛት፣ ምን ታያለህ፣ ያዛት እንጂ» አለች በሹክሹክታ። እጁን ቢዘረጋ ይደርስባት ነበር። እንዲያውም እጁ በራሱ ተነስቶ ነበር። መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ከሄደች ትሂድ» አለ። እግሯ ሰልሎ ቢቀር፣ ከዚያም ጅብ ቢበላት፣ ይህቺን እጁን ያልዘረጋባትን ቅጽበት ዕድሜ ልኩን እንደሚያስባት ያውቅ ነበር። ቢሆንም አልዘረጋም።

ቡላ ጎተራው አፍ ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ ዞራ ወደ እሱ አየች። ብዙ ቆመች። ማንደፍሮ አላባበላትም፣ አልጠራትም። ቡላ እየዘለለች ተመለሰች። ፊቱ ጋደም አለችና ያቺን የታመመች እግሯን ዘርግታ ሰጠችው።

«እነካሻለሁ» አለ። ነካት። «ያምሻል» አለ። ገፋው። ቋ አለ። ቡላ ጮኸች፤ ግቢው እስኪሰማው ጮኸች። ግን አልነከሰችም፣ አልሸሸችም። ጩኸቷ ሲያልቅ እየተንቀጠቀጠች ራሷን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠች። ትርንጎ ጨርቁን ጠምጥማ ስታስር ማንደፍሮ አላገዛትም፤ አገር ያስለቀሰው ወጌሻ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

የቀረው ጊዜና ትዕግሥት ብቻ ነበር። መጀመሪያ አሳረፏት። ጨርቁ ሲፈታ ማንደፍሮ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ይዟት ይወርዳል፤ ውኃው ክብደቷን ስለሚሸከምላት ጉልበቷ ሳይጨነቅ ትረግጣለች። እሱም ሱሪውን ሰብስቦ አብሯት ውኃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሚያየው ሰው ሁሉ ይስቅበታል፣ እሱም ይስቃል። ኅዳር ሲገባ ቡላ በአራቱም እግሯ ሮጠች። ብርድ ሲሆን አሁንም ትንሽ ታነክሳለች። ነጎድጓድ ሲያጓራም አሁንም ትንቀጠቀጣለች። የምትሮጠው ግን ወደ ጎተራው ሥር መሆኑ ቀርቶ ወደ ማንደፍሮ ጋቢ ሥር ሆኗል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ነገር ሩቅ አይደለም። ለሚወዱት ሰው በጎ ለማድረግ ሲባል የሚዋሽ ውሸት አለ። ልጁን «መርፌ የለም» ብሎ ሐኪም ቤት የሚወስድ አባት አለ። «የትም አልሄድም» ብላ ልጇ ዞር ሲል ሾልካ የምትወጣ እናት አለች። የታመመ ወንድማቸውን «ምንም የለብህም» እያሉ በጓዳ የሚያለቅሱ አሉ። ሁሉም የሚዋሹት በፍቅር ነው። አጥንቱም ይገባ ይሆናል። ችግሩ፣ ነገ በእውነት ልናጽናና ስንመጣ የምንናገረው በዚያው ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ የለንም። ያ ድምፅ አንዴ ከከዳ፣ ደግነታችን ራሱ የሚያስፈራ ነገር ይሆናል። እሱን ለመጠገን ደግሞ ጎረምሳም አይበቃም፣ ጉልበትም አይበቃም። በየቀኑ ትንሽ ቃል ተናግሮ፣ ያቺኑ ትንሽ ቃል ጠብቆ፣ የበደሉትን ሰው ደጅ መጥናት ነው። ከዚያም ቢሆን ተመልሶ መምጣቱ የተበዳዩ ፈቃድ ነው።

እስቲ ሁላችንም ወደየቤታችን እንመልከት፤ «አይዞህ» ስንለው የሚንቀጠቀጥ ማን አለ?